በአደራ የተቀበልኳት ዶሮ

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር መጀመሪያ የምጠየቀው «እውነትህን ነው?» ተብዬ ነው። እውነቴን ነው። ሌላው ሰው በሕይወቱ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው ሲባል ሽፍታ ነው፣ የመኪና አደጋ ነው፣ ሎተሪ ነው። እኔን የገጠመችኝ ዶሮ ናት። ዳይፐር የለበሰች፣ ጥፍሯን ሮዝ ቀለም የተቀባች፣ ግሎሪያ የምትባል ዶሮ። መሳቅ የፈለጋችሁ አሁኑኑ ስቃችሁ ጨርሱና እንቀጥል።

ጀማል እባላለሁ። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ፤ አቅመ ደካማ መንገደኛ ከመኪና በር ተቀብዬ አውሮፕላኑ በር ድረስ ማድረስ ነው ሥራዬ። ባለቤቴ ሰሚራ ኒው አልባኒ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ትሠራለች። ከተጋባን ስድስት ዓመት አልፎን ነበር፤ ልጅ የለንም። አሁን እንዲህ በሁለት ቃል ስጽፈው ቀላል ይመስላል እንጂ ያኔ ቃሉ ከቤታችን አይወጣም ነበር። እሷም አታነሳው፣ እኔም አላነሳው። ሁለታችንም ኦቨርታይም እንወስድ ነበር።

በዚህ መሃል እናቷ እትዬ ዘሃራ ከደሴ መጡ። የአማች ነገር መቼም ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ሲታደል በሁለት እጄ የተቀበልኩ ፍጡር ነኝ። እሳቸው ባሉበት እግሬን አላነባብርም፣ ፍሪጅ አልከፍትም፣ ሲያስነጥሰኝ እንኳ ውጭ ወጥቼ ነው። ጨዋታችን ሁሉ ይሄው ነበር፦

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አለቀ። ሰሚራ በስልክ «ባሌ አቪዬሽን ነው የሚሠራው» ብላ ነግራቸው ኖሮ፣ የመጡ ቀን ራሴው በዊልቸር ገፍቼ አወጣኋቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም ባሉ ቁጥር «አቪዬሽን ያላችሁኝ እቺን ነው?» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን አላሉኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ እሰማው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ቀን ነው። ሚስ ዶርቲ የምትባል አሮጊት ከክሊንተንቪል በታክሲ መጣች። ዊልቸር ላይ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ በሻርፕ የተሸፈነ የድመት ቦርሳ አስቀመጠች። ድመት ነው ብዬ ዝም ብዬ ገፋሁ። ቼክኢን ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ውስጡን ላየው?» ብላ ሻርፑን ገለጥ ስታደርግ ቡናማ ዶሮ አንገቷን አውጥታ አየችን። አበባ ያለበት ዳይፐር አድርጋለች። እግሯን ባየሁ ጊዜማ «አዑዙ ቢላህ!» አልኩ። ጥፍሯ ተቀብቷል።

«ይቅርታ፣ ዶሮ ካቢን ውስጥ አናስገባም» አለች ልጅቷ።

«ግሎሪያ እኮ ኢሞሽናል ሰፖርቴ ናት፤ ስጨነቅ የምታረጋጋኝ። የሐኪም ደብዳቤ አለኝ። በፊት በዚሁ ደብዳቤ ተሳፍረናል።»

«በፊት ነበር፤ ደንቡ ተቀይሯል። አሁን እንደዚያ የሚታየው የሠለጠነ ውሻ ብቻ ነው። እኛ ድመትና ትንሽ ውሻ በክፍያ እናስገባለን። ዶሮ ግን የለም።»

ከኋላ የተሰለፈ አንድ ጎረምሳ «ውስጥ እኮ የዶሮ ሳንድዊች ይሸጣሉ» አለ። ሰው ሳቀ። ሚስ ዶርቲ አልሳቀችም። ቦርሳውን በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። በለቅሶው መሃል እንደነገረችን፣ እህቷ ፊኒክስ አሪዞና ሆስፒታል ተኝታለች፤ በማግስቱ ጠዋት ልቧን ይከፍቷታል። ከሁለቱ በቀር በሕይወት ያለ ዘመድ የላቸውም። እህቷ «ከመግባቴ በፊት ፊትሽን ልይ» ብላታለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሚስ ዶርቲ ያለዚህች ዶሮ የትም ሄዳ አታውቅም፤ አውሮፕላን ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ከዶሮዋ ወይ ከእህቷ መምረጥ ሊሆንባት ነው።

እኔ መናደድ ጀምሬያለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። ልጅቷ ሥራዋን ነው የምትሠራው፤ ዶሮዋም ምንም አላደረገችም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሰልፉ ያጉረመርማል። መቼም አፌ የኔን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ «ስጪኝ፣ እስክትመለሺ እኔ ቤት ትቆይ» ብሎ አረፈው።

ቀና ብላ አየችኝ። «ትምልልኛለህ?»

አደራ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። «በኛ አገር የሰውን አደራ የበላ፣ ከሰው አይቆጠርም» አልኳት። ምን እንደተረዳች እንጃ፤ እጄን ጭብጥ አደረገችው። ቀጥላ ግን ቅድመ ሁኔታ አመጣች። ቺካጎ ላይ ረጅም ሰዓት ቆይታ አውሮፕላን ትቀይራለች። ሁለተኛው ላይ ከመውጣቷ በፊት ግሎሪያን በቪዲዮ ማየት አለባት።

«ካላየኋት አልሳፈርም። ዞሬ ወደዚህ ነው የምመለሰው» አለች። ቀልድ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል። ስልክ ተለዋወጥን፤ ቦርሳውን ለልጅቷ «አቆይልኝ» ብያት ጌት ድረስ ገፍቼ ሸኘኋት።

የምሳ ብሬኬን ወስጄ ዶሮዋን መኪና ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ቤት በረርኩ። ቤታችን ከኤርፖርቱ ብዙ አይርቅም። ስገባ እትዬ ዘሃራ ሳሎን ውስጥ ዙሁር እየሰገዱ ነው። ቆምኩ። ጠበቅኳቸው። ሰላት ጨረሱ ስል ዱዓ ቀጠሉ። የሳቸው ዱዓ ደግሞ ለደሴ ሕዝብ በሙሉ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። ሰዓቴ አለቀ። የሚጸልይ ሰው አቋርጬ «እንኩ ዶሮ» ልል ነው? ቦርሳውን ኩሽና ወለል ላይ አስቀመጥኩና በእግር ጣቴ ወጣሁ። ለሰሚራ ቴክስት አደረግኩላት፤ ግን ሥራ ላይ ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው የሚቆለፈው፤ ማታ ካልሆነ አታየውም። ለአማቴ እንዳልደውል ደግሞ ደውዬላቸው አላውቅም። በስልክ «አልሐምዱሊላህ» ተባብለን ከዚያ ምን ልል ነው?

መንገድ ላይ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። አንድ የወሎ አማች፣ አማቱ ቤቱ በመጡ በስንት ጊዜያቸው፣ በሕይወት ያለች ዶሮ ኩሽና ወለል ላይ አስቀምጦ፣ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ምንም ሳይናገር ይወጣል። ይሄ በኛ አገር ምን ማለት ነው? እናንተው መልሱት። መሪውን ይዤ «ያ ረቢ!» አልኩ። ቆይቼ ግን ራሴን አጽናናሁ፦ ዳይፐሩን ያያሉ፤ ዳይፐር ያደረገች ዶሮ ማን ያርዳል?

ሺፍቴን ጨርሼ ስመለስ የቁሌት ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ።

በሩን ስከፍት ታች ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ሁሴን፣ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዱ የኖሩት ጎረቤታችን፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ቆመዋል። ሴት የምታሳርደው ስታጣ የምትጠራው ጎረቤት ማለት እሳቸው ናቸው። ሰላም ሊሉኝ መጥተው አቀፉኝ። ጋሽ ሁሴን ሰው ሲያቅፉ አይቼ አላውቅም።

«አይዞህ የኔ ልጅ። አይዞህ» አሉኝ።

ለምኑ ነው አይዞህ? ዘልዬ ኩሽና ገባሁ። ቦርሳው ታጥቦ ተደፍቷል። ያቺ ባለ አበባ ዳይፐር ታጥባ የምድጃው እጀታ ላይ ተሰጥታለች። ወለሉ ላይ ሁለት ቡናማ ላባ ወድቋል። ቢላው ጠረጴዛ ላይ ነው። ድስቱ ደግሞ ተክ ተክ ይላል።

እትዬ ዘሃራ ዞር ብለው አዩኝና «መጣህ ልጄ? ሂድ ተቀመጥ። ደክሞሃል» አሉኝ። ልጄ! ከመጡ ጀምሮ ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

«ዶሮዋ የት አለች ብሎ መጠየቅ ምን ያቅታል?» ትሉኛላችሁ። አቃተኝ። ሴትየዋ ከቀትር ጀምሮ ቆመው ሽንኩርት ሲያቁላሉ ውለዋል፤ ለኔ። «ያረዷት የሰው አደራ ናት» ካልኳቸው በልጃቸው ቤት፣ በእንግድነት፣ በእጃቸው ሐራም እንዳበሉኝ ሊሰማቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቀና ብለው አያዩኝም። ካልነገርኳቸው ደግሞ ሚስ ዶርቲ እየጠበቀችኝ ነው። ይሄን ሳስብ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ዶርቲ ናት፤ ቪዲዮ ነው የደወለችው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና በድምፅ ብቻ አነሳሁት። ዶሮዋ እዚያ ብትኖር ብዬ ገንዳውን አየሁ፤ ባዶ ነው።

«ግሎሪያስ?»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት አትተኛም።»

«መንገድ አድክሟት ይሆናል።»

ለራሴም የማይመስል ነገር። «ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ፤ ቀስቅሳት» ብላ ዘጋችው። ስወጣ ጠረጴዛው ቀርቧል።

ያንን ራት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ጋሽ ሁሴን በቀኜ፣ እትዬ ዘሃራ ፊት ለፊቴ። ወጡ ቀይ ነው፤ ዕንቁላሉ መሃል ላይ ተቀምጧል። እትዬ ዘሃራ ፈረሰኛውን አንስተው እኔ ፊት አኖሩት። ሮዝ ጥፍሯ ዓይኔ ላይ መጣ። አደራ በላ ሲባል ስሰማ ያደግኩት ስለ ገንዘብና ስለ መሬት ነበር፤ እንዲህ በእንጀራ ተጠቅልሎ የሚበላ አልመሰለኝም።

«ብላ እንጂ» አሉኝ እትዬ ዘሃራ፤ ይባስ ብለው ጠቅልለው አጎረሱኝ። አማት አጉርሶ እንቢ ይባላል? ጎረስኩ። ወላሂ፣ ይጣፍጣል። ይሄ ደግሞ ሌላ ቅጣት ሆነብኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሁለቱም እንባዬን አይተው ተያዩ።

«ከሰሚራ ጋር ስንት ዓመታችሁ ሆነ?» አሉኝ ጋሽ ሁሴን።

«ስድስት።»

«አላህ ይሰጣል። እሱ ሲያዘገይ ምክንያት አለው።»

ይሄ ከዶሮው ጋር ምን አገናኘው? እንጀራ ቆረስኩ።

«ሐኪም ማየት ከጀመርክ ቆየህ?»

«የምን ሐኪም?»

«ግድ የለም፣ ካልፈለግክ አትናገር። እኔ ታክሲ ስነዳ ስንቱን አሳፍሬያለሁ መሰለህ። አንተ ብቻ አይደለህም። ነውርም አይደለም።»

እትዬ ዘሃራ እንደገና አጎረሱኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዘጋሁት። እንደገና ጠራ። በሦስተኛው ቴክስት ገባ፦ «እየተሳፈሩ ነው። በሩ ላይ ነኝ። ግሎሪያን አሳየኝ፤ ካልሆነ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው።»

ያቺ ፊኒክስ ያለች እህት መጣችብኝ። አልጋ ላይ ሆና በሩን በሩን የምታይ። ልዋሻት ብል አደራ በልቼ ውሸት ልጨምርበት ነው። እውነቱን ብነግራት እዚያው ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ይሉኝታ በአንድ ጊዜ ፈነዳ መሰለኝ። ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«እትዬ ዘሃራ! የበላናት ዶሮ የሰው አደራ ናት!»

ጋሽ ሁሴን የጎረሱት ትን አላቸው። እትዬ ዘሃራ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«የቷ ዶሮ?»

«ያቺ… ዳይፐር የለበሰችው! ባለቤቷ አሮጊት ናት፣ ቺካጎ ቆማለች፣ ካላየቻት አልሳፈርም እያለች ነው!»

«ያንተ አይደለችም?» አሉኝ።

«ምኗ ነው የኔ?»

እትዬ ዘሃራ ተነሱና እኔ አንድም ቀን ወዳልገባሁበት መኝታ ቤታቸው ገቡ። የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ታቅፈው ወጡ። ቅርጫቱን የሸፈነውን ነጠላ ሲገልጡት ግሎሪያ ዓይኗን ግልጥ ክድን አደረገች። ከአሮጌ ፎጣ የተቀደደ፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ዳይፐር አድርጋለች።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ብዬ ወጡን በጣቴ አመለከትኩ።

«ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝቼ ያመጣሁት ነዋ!» አሉ ጋሽ ሁሴን ውሃ እየጠጡ። «መጀመሪያማ አማትህ እረድልኝ ብለው ጠርተውኝ ቢላ ይዤ መጥቻለሁ። ዶሮዋን ስናወጣት ዳይፐር! ጥፍሯን ሳይ ጥፍሯ ተቀብቷል! ቢላውን አስቀመጥኩ። እትዬ፣ ይሄ እርድ አይደለም፣ ይሄ የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኳቸው። አሜሪካ ሰው ሲጨነቅ እንስሳ ይታዘዝለታል፤ ታክሲዬ ውስጥ ስንት ጊዜ አሳፍሬያለሁ።»

«እኔማ» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «ዳይፐሩን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ልጅ ናፍቆት ዶሮ ሽንት ጨርቅ አለበሰ አልኩ። እንዴት ብዬ ልጠይቅህ? መጀመሪያ ይብላ፣ ሆዱ ይሙላ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናነሳዋለን ተባባልን።»

ነገሩ ገባኝ። እኔ ዶሮዋን በልቻለሁ ብዬ፣ እነሱ አብጃለሁ ብለው፣ ሁላችንም በይሉኝታ ተሸፋፍነን ራት ስንበላ ነበር። ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ስልኩን አነሳሁ።

ሚስ ዶርቲ ስክሪኑ ላይ መጣች። ከኋላዋ ሰው እየገባ ነው፤ የጌቱ ሠራተኛ ስሟን ትጠራለች። እትዬ ዘሃራ ዶሮዋን አቅፈው ስልኩ ፊት ተደቀኑ። ሚስ ዶርቲ «ኦ፣ ቤቢ!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አየቻት፤ ደህና ናት። ግን አሁንም ንቅንቅ አልል አለች። ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። «አልችልም፤ ያለሷ አልችልም» ትላለች።

«ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ፈራሁ ነው የምትለው። እህቷ ነገ ልቧን ልትቀደድ ነው፤ ይቺ ግን መሳፈር አቃታት።»

እትዬ ዘሃራ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። የመጡ ሰሞን ደሴ ያሉ ታናሽ እህታቸው አርፈው ነበር። ለቅሶ ተቀምጠናል፣ ሰው መጥቷል፣ እኔም «አላህ ያጽናዎት» ብያለሁ። ከዚያ ሥራ ገባሁ።

«ስሚኝ እቱ» አሏት በአማርኛ፣ ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው። «እኔ ለእህቴ አልደረስኩላትም። ባሕር ማዶ ሆኜ ቀበሯት። አንቺ ገና ደርሰሽ ታያታለሽ። ዶሮሽ እቅፌ ውስጥ ናት፤ ማንም አይነካትም። ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ! ተነሽ ሂጂልኝ!»

ሚስ ዶርቲ «ምን አለችኝ?» አለች። ተረጎምኩላት። አማቴን አየች፣ ዶሮዋን አየች፣ እንደገና አማቴን አየች። በአንድ እጇ ፊቷን ጠርጋ ለሠራተኛዋ «ግፊኝ» አለች። ስልኩ እንደበራ ነበር፤ እትዬ ዘሃራ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏት ነበር።

እፎይ ብዬ ቁጭ ስል እትዬ ዘሃራ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አኖሩና ፊቴን አተኩረው አዩኝ።

«እንግዲህ ዶሮዋ ያንተ አይደለችም። በሽታም የለብህም።»

«የለብኝም።»

«እና ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ዶሮዋ ትሞቃለች፤ ልቧ ከእጄ ሥር ቶሎ ቶሎ ይመታል። «ደክሞኛል» አልኩ። «ስለ ልጅ ነገር… ሰሚራን ማናገር አቅቶኛል። ያገኘሁትን ሺፍት ሁሉ የምወስደው ቤት ላለመግባት ነው።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ሁሴን ጀርባዬን ይደባብሱኛል፤ እትዬ ዘሃራ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ይጠርጉልኛል። ሰሚራ ከሥራ ስትገባ ያገኘችን እንዲህ ሆነን ነው። ባሏ ዶሮ ታቅፎ ያለቅሳል፤ እናቷ ግራ፣ ጎረቤቷ ቀኝ።

«ማን ሞተ?» አለች ቦርሳዋን ጥላ።

«ማንም አልሞተም» አሉ እናቷ። «ተቀመጪ። ባልሽ የሚነግርሽ ነገር አለው።» ጋሽ ሁሴንን ይዘው ወጡልን። ዶሮዋን ለሰሚራ ሰጠኋትና ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆይታ «እኔም እኮ ኦቨርታይም የምወስደው ለዚሁ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሚስ ዶርቲ ደወለች። እህቷን ሳትገባ ደርሳ አይታታለች፤ ቀዶ ጥገናውም ደህና አልፏል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። ቀኑ ጁምዓ ነው። ጋሽ ሁሴን የዶሮዋን ነገር ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ገና በሽተኛ ነኝ ብለው ሲያስቡ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በምስጢር፣ ነግረው ኖሯል። ከሰላት በኋላ መስጊዱ በሙሉ «ጀማል ሐኪም ዶሮ አዘዘለት» ሲል ዋለ።

የኛ ሰው ደግሞ በሽተኛ ሲሰማ ዝም አይልም። የማንጎ ጁስ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዘው ለጥየቃ ጎረፉ። «እኔ ደህና ነኝ፤ ዶሮዋ የሰው ናት» እላለሁ። «እሺ፣ ገብቶናል፣ አይዞህ» ይሉኛል። በካድኩ ቁጥር ሕመሜ እየጸና የሄደ ነው የመሰላቸው። አንዱማ «መካዱ ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው» አለ።

መጀመሪያ ዶሮዋን የጠየቀው ትልቅ ትራክ የሚነዳው ከማል ነው፤ በር የማይበቃው ሰውዬ። ጁሱን ጠጥቶ፣ ሳል ሳል ብሎ፣ «እስቲ ልያዛት?» አለ። ሰጠሁት። ላባዋን በአውራ ጣቱ ደባበሰ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ወንድሜን ካነጋገርኩት ዓመት አለፈኝ» አለ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ይዟት ስለ ፍቺው አወራ። ሌላዋ ደግሞ ይዛት እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ የመጡት እኔን ሳይጠይቁኝ «ዶሮዋ አለች?» አሉ። እትዬ ዘሃራ፣ ያ ሁሉ ወር ዝም ያሉት ሴትዮ፣ ተራ አስከባሪ ሆኑ። «አንተ በቃህ፣ ለሷ ስጣት። አንቺ ጫማሽን አውልቂ። ዳይፐሯን እንዳታጠብቅባት!»

ወዳጆቼ፣ በፊት ኤርፖርት ላይ ሰው ውሻ አቅፎ፣ ድመት አዝሎ ሲያለቅስ ሳይ «ጥጋብ ነው» ነበር የምለው። አሁን አልልም። እኛ «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን በሩን ዘግተን የምንኖር ሰዎች፣ ደህና አለመሆናችንን ማውራት አይደለም የቸገረን፤ የሚጠይቀን ሰው አፍሮ፣ እኛም አፍረን ነው። አማቴ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያሉት በዊልቸሬ ንቀውኝ አልነበረም፤ እህታቸውን አጥተው ነው። አንድም ቀን «እንዴት ነዎት፣ እውነቱን?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬ እጠይቃለሁ። ሰሚራንም እጠይቃለሁ። ልጅ እስካሁን አልወለድንም፤ ግን እናወራዋለን፣ አንዳንዴም እንጣላበታለን። ከዝምታው ይሻላል። እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ጠይቁ፣ መልሱን ደግሞ ቆማችሁ ስሙት። ዶሮ ካስፈለጋችሁ ግን እኔ ዘንድ የለችም፤ ባለቤቷ መጥታ ወስዳታለች።

አወሳሰዷንም ልንገራችሁ። ሚስ ዶርቲን ከአውሮፕላኑ በር ራሴ ተቀብዬ ገፋኋት። «ቀጥታ ግሎሪያ ጋ ውሰደኝ» አለች። በመኪናዬ ይዣት ቤት ስንገባ ሳሎኑ ሞልቷል። ጋሽ ሁሴን ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሦስት ሰው ሶፋው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። እትዬ ዘሃራ ደንግጠው «ተነሱ፣ ተነሱ፣ ባለቤቷ መጣች!» አሉ። ሰው ሁሉ አፍሮ ብድግ አለ።

ሚስ ዶርቲ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ተነሥተው የቆሙትን «ተቀመጡ» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ኮቷን አውልቃ ለእትዬ ዘሃራ ሰጠች።

«የመጨረሻው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። አጠገቤ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች።